ለፊት ወንበር የሚሆን ኮት

ጥቅምት 14

ብርዱ ዛሬ ገባ። ጠዋት የመስኮቱ መስታወት አልቦት አገኘሁት። በጣቴ ጠረግ አድርጌ ወደ ውጪ አየሁ… የሰው ሁሉ አንገት ትከሻው ውስጥ ገብቷል። ሾርባዬን ጠጣሁ። መድኃኒቴን ዋጥኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እስከዚህ ድረስ እንደ ትናንቱ ነው።

ከዚያ ኮቴን ላውጣ ብዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ በዚያ በኩል ያለውን በር ነክቼው አላውቅም። ሙቀት ነበረ፤ ደግሞ ቢጃማ ለብሶ ለሚውል ሰው ቁም ሳጥን ምን ይሠራለታል?

ባዶ።

መስቀያዎቹ ብቻ። በሩን ስስበው እርስ በርሳቸው ተንኳኩ… ግራጫው ኮቴ የለም። ሹራቦቼ የሉም። ቡናማው ቦት ጫማዬ የለም። የቀረው እጅጌውን የባትሪ አሲድ የበላው አሮጌ ጃኬቴ ነው። እሱን የሚወስድ ጠፍቷል ማለት ነው።

"እትዬ!"

ታላቅ እህቴ ናት። ከታመምኩ ጀምሮ የራሷን ቤት ዘግታ እኔ ጋ ነው ያለችው። ከኩሽና እየተንደረደረች መጣች፣ እጇ አረፋ በአረፋ። ቁም ሳጥኑን አየች። እኔን አየች።

"ውይ…" አለች።

"ሌባ ገብቶ ነው?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሁለቴ ጠረገች። "ያኔ… ዶክተሩ እንደዚያ ሲለን…"

እንደዚያ? እንዴት? … ከዚያ ገባኝ። ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ራሴን ያላወቅኩበት ሰሞን። "ከእንግዲህ መጸለይ ነው" ያላቸው ጊዜ።

ሳልሞት ወርሰውኛል።

ጥቅምት 15

ሌሊቱን ሙሉ ሳቄ እየመጣ፣ ንዴቴ እየመጣ ነጋ። የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ጠዋት እትዬ ቁጭ ብላ ተናዘዘች። ኮቱ ለወንድሜ ሚስት። ሹራቦቹ ለአክስቴ ልጆች። ቦት ጫማው ለጎረቤት… "እግሯ ካንቺ እግር ጋር አንድ ነው" አለችኝ፣ እንደ ምሥራች።

"ዛሬውኑ ዞሬ ላምጣልሽ" አለች።

"እንዳትነኪው።"

"ብርዱ…"

"እትዬ፣ እንዳትነኪው አልኩ። ከሰው ጀርባ ላይ ኮት አላስገፍፍም።"

ኩራት ነው? ይሁን። ደግሞስ ቢመለስ ማን ሊለብሰው ነው? ሰውነቴ ሌላ ሆኗል። በድሮው ኮት ውስጥ አሁን ሁለት እኔ ይገባበታል። በቀኝ በኩል ጡቴ የለም። ጸጉሬ የጫጩት ላባ አክሏል። ያ ኮት የሌላ ሴትዮ ነው… ትልበሰው።

ግን አንድ ነገር ምዬአለሁ። ይሄን ብርድ በቢጃማ ተጠቅልዬ፣ ከፍራሽ ጋር ተጣብቄ አላሳልፈውም። ሞቆኝ ብቻ አይደለም… አምሮብኝ ነው የማሳልፈው። አበቃ።

ጥቅምት 19

ኮቴ ዛሬ ሊጠይቀኝ መጣ። ውስጡ የወንድሜ ሚስት ነበረች።

ደጃፍ ላይ ስታየኝ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ቀጥ ብላ ቀረች። ማውለቅም ከበዳት፣ መልበስም ከበዳት። ቤቱ ውስጥ ምድጃው አጠገብ እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀምጣ ላቧ ጠብ ጠብ ይላል።

"አውልቂው እንጂ፣ ሞቀሽ እኮ" አልኳት።

"አይ… ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው።"

እትዬ ወደ ጣሪያ ታያለች። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ስትወጣ በር ድረስ ሸኘኋት። "ያምርብሻል" አልኳት። ፊቷ ቲማቲም ሆነ። "የግራ ኪሱ ቀዳዳ ነው። ቁልፍ እንዳትከቺበት፣ ገበሩ ውስጥ ይገባብሻል።"

"እህቴ ሙች፣ አላወቅኩም… እኔ…"

"ማንን ነው ሙች የምትዪው?" አልኳት።

ይሄን ጊዜ እትዬ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ስትስቅ ግን ሰምቻታለሁ።

ጥቅምት 22

መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። የመንጃ ማሠልጠኛው ግቢ እንደነበረ ነው። የቀለጡ የጎማ ምልክቶች፣ ስንት ጊዜ የተገጩ ድንጋዮች… ነጯ መኪናዬ ዳር ቆማለች። ልቤ ዘለለ። ከዚያ መስታወቷ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሎ አየሁ። ወንበሯ ላይ ደግሞ ጥልፍ ትራስ።

"ጢሞ ነው አሁን የሚያሠለጥንባት" አለኝ ዘበኛው። ጢሞ ማለት የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱ ሳይደርስ ጢሙ የሚደርስ ሰውዬ።

አለቃው ቢሮው አስገባኝ። ልጅ እግር ነው፤ ቦታውን ከአባቱ ነው የተረከበው። ድሮ "አንቺ" ነበር የሚለኝ። ዛሬ "እርስዎ" ሆኛለሁ። "እንዴት ነዎት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ…" ሰው ሊሞት ሲል ነው እንዴ ማዕረግ የሚጨመርለት?

"መኪናዬን መቼ ልረከብ?" አልኩት።

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። "ስልክ የሚያነሳ ሰው ፈልገን ነበር… ከኋላ ያለችው ክፍል። ድካም የለው፣ ጭንቅ የለው…"

"እኔ አሠልጣኝ ነኝ።"

"እሱማ… ግን ተማሪው ሲያይዎት ይደነግጣል። አይቀየሙኝ። እስቲ መጀመሪያ ትንሽ… ሰው ይምሰሉ።"

ሰው ይምሰሉ!

ራሴን ቁልቁል አየሁት። የተቃጠለ እጅጌ ያለው ጃኬት። ከስሩ የቢጃማ ኮሌታ። የእትዬ ካልሲ። የላስቲክ ጫማ። ምን መስዬ ነበር? እንጃ… ግን ሰው ነበርኩ።

"ጥር ሲገባ መጥቼ መኪናዬን እረከባለሁ" ብዬው ወጣሁ። እሺ አላለም። እንቢም አላለም።

ጥቅምት 24

ቴሌቪዥኑን ሸጥኩት። የታችኛው ቤት ፀጉር አስተካካይ ወሰደው። ለበሽታ የሚሰጡኝ ግማሽ ደሞዝ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ ነው፣ እሱን አልነካም። ይሄ ግን የኔ ነው፤ የልብሴ።

ማታ ጠያቂ ዘመዶች መጡ። ቴሌቪዥኑ የነበረበትን ቦታ ትንሽ አዩ። ከዚያ እኔን ትንሽ አዩ። ከዚያ "እንግዲህ እግዜር ይማርሽ" ብለው በጊዜ ሄዱ።

ለካ ሊጠይቁ የሚመጡት እሱን ኖሯል።

ጥቅምት 27

ሳስብ ዋልኩ። ምን ያስፈልገኛል? ዝም ብሎ መግዛት ሳይሆን… ለሥራዬ የሚሆን።

የኔ ሥራ ፊት ወንበር ላይ ነው። ከሹፌሩ ጎን። እግሬ ስር የራሴ ፍሬን አለ፤ ተማሪዎቹም "ፍሬን" ብለው ነው የሚጠሩኝ፣ የማልሰማ እየመሰላቸው። የመኪናዋ ማሞቂያ እግር ብቻ ነው የሚያሞቀው። ተማሪ ደግሞ ላብ በላብ ስለሚሆን መስኮት ይከፍታል። ስለዚህ ከወገብ በላይ በረዶ፣ ከጉልበት በታች ምድጃ። ረጅም ኮት አይሆንም፣ የእጅ ፍሬኑ ይይዘዋል። ሰፊ እጅጌ አይሆንም፣ መሪውን ቀልበስ ሳደርግ ማርሹ ላይ ይጠለፋል። ጫማው ወፍራም ሆኖ ሶሉ ግን ስስ… እግሬ ፍሬኑን መስማት አለበት።

ደግሞ ቀበቶው። የደህንነት ቀበቶው የሚያልፈው በቀኝ ትከሻዬ ነው። በዚያው በቁስሉ በኩል። ዛሬ በሻርፕ ሞከርኩት፣ ሸብ አድርጌ ሳብኩት… እሳት።

ስለዚህ እዚያ ላይ አንድ ነገር ያስፈልጋል።

ቀለሙስ? አረንጓዴ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ቡናማ። ነጣ ያለ ወተት መሳይ። ከዚያ ውጪ ምንም አልገዛም፣ ቢያምርም፣ በነጻ ቢሰጡኝም። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሄዳላ። ሦስት ነገር ያለው ሰው ዘጠኝ ነገር ያለው ይመስላል። ከዚህ ውጪ የፈቀድኩት አንድ ቢጫ ብቻ ነው፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ… እሱ ደስ ስለሚለኝ። ምክንያት የለውም።

ኅዳር 3

ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄድን። እትዬ ላስቲክ ከረጢት ይዛ ከኋላዬ፤ ሰው እንዳያያት ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባለች።

ክምሩ የሰው ቁመት ያክላል። ሻጮቹ ላዩ ላይ ቆመው ይጮኻሉ፣ ሹራብ እንደ ዳቦ ይወረወራል። ሽታው… የሌላ ሰው ቤት ሽታ። የማያውቁት ሰው ሳሎን ገብቶ እንደመቀመጥ።

የሴቶቹን ክምር ተዉኩት። ሁሉም እዚያ ነው የሚጋፋው፣ ዋጋውም ጣሪያ ነካ። የወንዶቹ ጋ ሰው የለም። ጨርቁ ደግሞ ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ። አንዱን ከስር ጎትቼ አወጣሁ… ጥቁር አረንጓዴ። ሱፍ ካፖርት። ክብደቱ የሰው ልጅ ያህላል። ወደ ፀሐይ ዞሬ ወደ ላይ ያዝኩት፤ ብል የበላው በብብቱ ስር ብቻ ነው።

"የወንድ ነው እሱ፣ እናት!" አለኝ ሻጩ።

"ወንዱ የታለ?"

"እ?"

"መጥቶ ይውሰደዋ። ካልመጣ ቀንስልኝ።"

ሳቀ። የሳቀ ሻጭ ይቀንሳል። ቀነሰ።

ቡናማ ሹራብ፣ ክርኑ ቀዳዳ። ወተት መሳይ ሌላ ሹራብ፣ አንገቱ ረዘም ያለ። የሱፍ ሱሪ፣ እሱም የወንድ። ከዚያ ደከመኝ… ክምሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣

"የሞተ ሰው ልብስ ቢሆንስ?"

"ይሁና!" አልኩ፣ ሰው እስኪዞር። "የኔን የለበሱት ምን ሆኑ? ዘንድሮ የመውረስ ተራው የኔ ነው!"

ሻርፗን ወደ ዓይኗ ሳበችው።

ኅዳር 6

እጥበት። ውሃው ሦስቴ ጠቆረ፣ አራተኛው ላይ ሻይ መሰለ። ካፖርቱን ግን ውሃ አልነካሁትም፣ በእንፋሎትና በብሩሽ ብቻ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ የጥርስ መፈልፈያ አገኘሁ። ሰውዬው ከበላ በኋላ ነው የሸጠው… ጥሩ ምልክት ነው።

ኅዳር 11

ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድኩት። ሰፈሩ ሁሉ "ነገ-ነይ" ነው የሚለው፤ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ለካ። ትከሻ። ክንድ። ከዚያ ደረቴ ጋ ሲደርስ ሜትሩ አየር ላይ ቆመ።

"ለካ" አልኩት።

"በዚህ በኩል…" ጉሮሮውን ጠረገ። "ችግር የለም፣ እኔ ስፖንጅ አደርግበታለሁ። ማንም አያውቅም።"

"ስፖንጅ አይደረግም።"

"ሰው ያያል እኮ።"

"ይይ።"

"ኮቱ ይዛባላ!"

"ለሌላ ሰው ብትሰፋው ይዛባል። እኔን ለክተህ ከሰፋኸው ምን ያዛባዋል?"

ሜትሩን ደረቴ ላይ ዘረጋ። ቅር ብሎታል። ሰው መደበቅ ደግነት ይመስለዋል… ከስንቱ ጋር ነው የምከራከረው? ለመሆኑ እኔ ስለ ወላቃ ጥርሱ ተናግሬዋለሁ?

ቁመቱን እስከ ዳሌ እንዲቆርጠው፣ እጅጌውን እንዲያጠበው ነገርኩት። ከቆረጠው ጨርቅ ደግሞ በቀኝ ትከሻ ከውስጥ እስከ ወገብ ድረስ ቀበቶው በሚያልፍበት መንገድ ጥጥ ሞልቶ እንዲደርብልኝ። በጣቴ አሳየሁት።

"ይሄ ምን ይባላል?"

"የኔ መንገድ ይባላል። መቼ ልምጣ?"

"ነገ ነይ።"

ኅዳር 13

ዛሬ አልተነሳሁም። ልብስ አላማረኝም። ምንም አላማረኝም። እትዬ ሾርባ ይዛ ሦስቴ መጣች፣ ሦስቴ ይዛው ተመለሰች።

ለማን ብዬ ነው?

ኅዳር 14

ዛሬ ተነሳሁ። ለራሴ ብዬ።

እትዬ ከውጪ መጥታ አልጋዬ ላይ አንድ ጥቁር ጸጉራም ነገር ጣል አደረገች። ድመት መስሎኝ ጮኽኩ።

"ዊግ ነው" አለች። "ለሥራሽ። አምሮሽ እንድትሄጂ።"

"አላደርገውም።"

"ጸጉርሽ እስኪያድግ…"

"እያደገ ነው። ይኸው። ንኪው።"

አልነካችውም። ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ለምን ሁሉን ነገር እልህ ታደርጊዋለሽ፣ ለምን የሰው እርዳታ አይገባሽም፣ በዚያ ጨርቅ ተራ አዋረድሽኝ… እኔም ከፍ አልኩ። መቼም ከአፌ አይወጣም ያልኩት ወጣ፣

"ለምን ሰጠሽው? ልብሴን ለምን? ሞቼ ሰባቴ እስኪወጣ መጠበቅ አቃተሽ?"

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዊጉን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻሸዋለች፣ እውነትም ድመት ይመስል።

"ሽታሽ" አለች። "ከሆስፒታል ለቅያሬ ስመጣ ቁም ሳጥኑን እከፍታለሁ… ሽታሽ ይመጣል። በጤናሽ ጊዜ የነበረው። ከዚያ ተመልሼ ሆስፒታል ስገባ ያ ሽታ የለም፤ መድኃኒት መድኃኒት ነው የምትዪው። እዚያ አንዲት፣ ቤት አንዲት፣ ሁለት ሆንሽብኝ። አንዷን ማስወጣት ነበረብኝ… ሁለታችሁንም አልቻልኳችሁም። እብድ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ሁሉን በአንሶላ ጠቅልዬ አወጣሁት።"

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

"እና አሁን?" አልኳት።

"አሁንማ አልቅሼሽ ጨርሻለሁ" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "የቀረ እንባ የለኝም። እንዳትሞቺ።"

"እሺ።"

"በማርያም እሺ በይኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

ከዚያ እጇን አንስታ ጭንቅላቴን ነካችው። ትንሽ ቆየች። "ሐር ነው" አለች፣ ተገርማ።

ዊጉን ነገ ትመልሰዋለች። በለውጡ ጓንት ታመጣልኛለች። ቡናማ ነው ያልኳት፣ ሌላ ቀለም ይዛ ብትመጣ አልቀበልም።

ኅዳር 25

የሹራቡን ክርን እየጠቀምን ነው። እትዬ እጇ ለመርፌ የተፈጠረ ነው። ቀዳዳውን በቡናማ ክር ጠቅማ ልታጠፋው ነበር።

"በቢጫው" አልኳት።

"ቢጫ? ይታያል እኮ!"

"እንዲታይ ነው።"

እያጉረመረመች ጀመረችው። ስትጨርስ ሁለቱ ክርኖች ላይ ሁለት ፀሐይ ወጣ። ራቅ አድርጋ አየችው። "ደግሞ አስቀያሚ አይደለም" አለች። እሷ ዘንድ ይሄ ትልቅ ሙገሳ ነው። ከዚያ ሳላያት የራሷን አሮጌ ሹራብ አውጥታ እጅጌው ላይ በዚያው ቢጫ ስትሞክር ያዝኳት።

ታኅሣሥ 5

"ነገ ነይ፣" "ነገ ነይ፣" "እሱኮ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው…" ዛሬ ግን ሱቁ ውስጥ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲገባ ሁሉ "ግቡ፣ እኔም ያለፈው ወር ‹ነገ› እስኪመጣ ነው የምጠብቀው" እላለሁ። ከቀትር በፊት ሰጠኝ።

ለበስኩት።

መስታወቱ ፊት ብዙ ቆምኩ። ትከሻው ልክ። ወገቡ ልክ። በቀኝ ዝርግ፣ በግራ ክብ… እንደሆንኩት። ምንም የጎደለ አይመስልም። ሁለቱ ጎኖች የተለያዩ ብቻ ናቸው፣ አለቀ። ነገ-ነይ ራሱ እጆቹን አጣምሮ ዞረኝ። "ጨርቁ ጥሩ ስለነበረ ነው" አለ። ጥሩ ስፌት ነው ብዬ ላመሰግነው ነበር፣ ተዉኩት።

በአረንጓዴው ኮት፣ በወተቱ ሹራብ፣ በሱፍ ሱሪው በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ሄድኩ። ባዶ ጭንቅላቴን ነፋስ ይዳብሰዋል። አንዲት ሴት ዞራ አየችኝ። በፊት ሲያዩኝ ዓይናቸው ቶሎ ይሸሻል። የሷ አልሸሸም። ኮቱን ከላይ እስከ ታች ለካችውና… ቀናች! ምላሴን ነክሼ ሳቄን ያዝኩ።

ታኅሣሥ 7

ወንድሜ ደወለ። ሚስቱ መንገድ ላይ አይታኝ ነግራዋለች።

"እውነት ነው ቴሌቪዥን ሽጠሽ ልብስ የገዛሽው?"

"እውነት ነው።"

"በዚህ ሁኔታሽ? ለመድኃኒት ብታደርጊው አይሻልም?"

"መድኃኒቴንማ ገዝቻለሁ። ውጬ ራቁቴን ልቀመጥ?"

"እንደዚያ አላልኩም… ሰው ምን ይላል? ታመሽ ያስለቀስሽው ሰው አምረሽ ሲያይሽ…"

"የተለቀሰው ይመለስ ካሉ የእንባቸውን ሂሳብ ይላኩልኝና ልክፈል።"

ዘጋብኝ። ማታ ላይ መልሶ ደወለ። "ለመሆኑ ሞቆሻል?" አለ። ወንድሜ እንዲህ ነው፣ ሁለተኛው ስልክ ላይ ነው የሚገኘው።

"ሞቆኛል" አልኩት።

ታኅሣሥ 20

ሆስፒታል ለምርመራ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁላችንም አመድ መስለን እንቀመጥ ነበር። ዛሬ ቢጫ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወጣት፣ ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች፣ ክርኔን ስታይ ስታይ ቆይታ፣

"የት ገዛሽው?" አለችኝ።

ስለ ልብስ ስናወራ ተራችን ደረሰ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ልብስ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። የወንዶቹን ክምር ነግሬያታለሁ።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየች። "ለጊዜው ንጹሕ ነሽ" አለች።

ለጊዜው… ቃሉን ይዤው መጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሳላምጠው ቆየሁ። ከዚያ አሰብኩት፤ ሾፌሩስ? ከጎኔ የቆመው ሰውዬስ? ሁሉስ ለጊዜው አይደል እንዴ? እኔ ስለተነገረኝ ነው የተለየሁት?

ለእትዬ "ንጹሕ ነሽ አለችኝ" ብቻ አልኳት። ሌላውን እዚህ ጻፍኩት።

ጥር 2

ሄድኩ።

ጠዋት ውርጩ ሳር ላይ ነጭ ብሎ። ጫማዬ አዲስ ሶል ተመትቶለታል፣ ስስ። ጓንቱ ቡናማ። ኮቱን እስከ ላይ ቆለፍኩ።

አለቃው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። አየኝና "ምዝገባ በግራ በኩል ነው፣ እመቤት" አለኝ። ከዚያ አፉ ተከፈተ። "እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"መኪናዬን ልረከብ ነው።"

"ማለቴ… ሐኪም ፈቅዷል?"

ወረቀቱን ሰጠሁት። ገለባበጠው። ከዚያ ብልጥ ነኝ ብሎ፣ "እንግዲያስ ባለ ሥጋ ቤቱን ይውሰዱት" አለ። "እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።"

ባለ ሥጋ ቤቱ ማለት ሦስት አሠልጣኝ ያባረረ ተማሪ ነው። ሰውየው ተራራ ያክላል፣ መሪውን የሚይዘው አንገት እንደሚያንቅ ነው። ጢሞ እንኳ በሱ ምክንያት ሁለት ቀን ታሞ ቀርቷል ይባላል።

ገባን። ቀበቶዬን ሳብኩ። ጠቅ። ጥጡ ላይ አረፈ… ምንም።

"ስምዎን አልጠይቅም፣ እጅዎን ብቻ ላላ ያድርጉ" አልኩት። "መሪው የትም አይሄድም።"

መጀመሪያ ደህና ነበርን። ዋናው መንገድ ላይ ማርሽ ቀየረ፣ ሦስተኛ ገባ፣ ደስ አለውና ነዳጁን ረገጠው። ይሄን ጊዜ ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ አልጋ የተጫነበት የእጅ ጋሪ ብቅ። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። በእውነት ጨፈነ!

እግሬ ከኔ ቀደመ።

መኪናዋ ጮኸች፣ አፍንጫዋን ደፋች፣ ቆመች። ጋሪው ከፊታችን በስንዝር አለፈ፤ ጋሪ ገፊው አልሰማም፣ እያፏጨ ነው። ቀበቶው ደረቴን ይዞ ወደ ኋላ መለሰኝ። ጠበቅኩ… እሳቱን ጠበቅኩ። አልመጣም። ጥጡ ዋጠው።

ከኋላ ወንበር ቀበቶ ያላሰረው አለቃዬ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ፊቱን ደፍቶ ማርሹን ሊስም ምንም አልቀረውም።

"አንቺ!!" ብሎ ጮኸ። "ልትገድይን ነው እንዴ?!"

አንቺ! ዞሬ አየሁት። እንደዚህ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

"አንተ ደግሞ ቀበቶህን እሰር" አልኩት። ከዚያ ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ "ዓይንዎን ይክፈቱ። ፍሪሲዮን። አንደኛ ማርሽ። እንሂድ።"

ግቢ ስንመለስ ባለ ሥጋ ቤቱ ከመኪናው ወርዶ ኮቴን እያየ "ከሷ ጋር ነው የምማረው፣ ካልሆነ ገንዘቤን" አለ። አለቃው ግንባሩን እያሻሸ ቁልፉን ሰጠኝ። ጢሞ መጥቶ የፕላስቲክ አበባውን ፈታ። ትራሱን ሲወስድ ግን አየኋት፤ ወገቤን ደግፋኝ ነበር።

"እሷ ትቅር" አልኩት።

"ሚስቴ ነች የጠለፈችው" አለ፣ አዝኖ።

"ሰላም በልልኝ።"

ጥር 18

ሥራ። ሥራ። ሥራ። እግሬ ሞቋል፣ ከላይም ሞቆኛል። ሦስት ቀለም ብቻ ያላት ሴት ብለው በቀደም ሁለቱ ጸሐፊዎች ሲያሙኝ ሰማሁ። አንዷ ዛሬ ወተት መሳይ ሻርፕ ለብሳ መጥታለች።

የካቲት 9

ፀሐይ ወጥቷል። ሰው ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። ሱቆቹ የብርድ ልብስ ሊጨርሱ በየበሩ ደርድረው በግማሽ ዋጋ፣ ከግማሽም በታች ይለቁታል።

ከሥራ ስመለስ አንዱን አየሁት። አዲስ። የማንም ያልሆነ፣ የማንም ሽታ የሌለው። ረጅም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የወይን ጠጅ ቀለም። ከሦስቱ ቀለሞቼ ውጪ ነው። ለመኪና አይሆንም፣ የእጅ ፍሬኑ ይበላዋል። ዛሬ ቢለብሱት በላብ ይገላል። ከደሞዜ ነው የገዛሁት፣ ከሙሉው።

እትዬ ሳሎን ውስጥ ካርቶኑን ከፍታ አየችው። "ምን ነካሽ? ሙቀት ገብቶ እኮ ነው! መቼ ልትለብሺው?"

"ብርዱ ሲመለስ።"

"የትኛው ብርድ?"

"የሚመጣው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

"ልበሺውና ቁሚ። ሰፍቶሻል።"

ለበስኩ። አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይዛ በጉልበቷ ዞረችኝ። ዘምዘማቱን አንድ ጣት አሳጠረች። ወገቡ ጋ ስትደርስ ጨርቁን በሁለት እጇ ቆንጥራ ወደ ውስጥ ያዘችው፣ ልክ ሆነ… ያዝ አደረገች፣ አሰበች፣ መልሳ ለቀቀችው።

"አታጠቢውም?" አልኳት።

"አላጠብም" አለች፣ መርፌ ቁልፎቹን ካፏ አውጥታ። "እስከዚያ ትወፍሪያለሽ።"

"እወፍራለሁ" አልኩ።